አንድ ሰው ተቀጥሮ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሠራበት ሥራ፦ የድሮው የእንግሊዝ ገጠር ባቡር ጣቢያ አለቃ

በ1830ዎቹ እንግሊዝ አገር አንድ ባቡር ከጣቢያ ወጥቶ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዷቸው።) ስልክ የለም። ቴሌግራፍ ገና ነው። ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ይሁን በሰላም ቀጣዩ ጣቢያ ገብቶ ይሁን፣ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ከኋላው ደግሞ ሌላ ባቡር ይመጣል። ያንን ሁለተኛ ባቡር "እለፍ" ወይም "ቁም" የማለቱ ኃላፊነት የወደቀው ከእርሻ ማሳ መሀል ባለች ትንሽ ጣቢያ ላይ በተመደበ አንድ አለቃና በሥሩ ባሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ላይ ነበር።

የጣቢያ አለቃ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቆብ ደፍቶ ባቡር የሚሸኝ ሰው ነው። ይሄ ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። የገጠር ጣቢያ አለቃ ገንዘብ ያዥ ነው፣ መጋዘን ጠባቂ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ብዙ ቦታ ቴሌግራፍ የሚመታውም እሱው ነው። ሲመሽ መብራቶቹ መለኮሳቸውን የሚያረጋግጠውም እሱ ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ግን ለአንድ ሰው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ ሚስትየውም ልጆቹም ሳይቀጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። እኔን ከዚህ ሙያ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነገር ነው። ቤተሰቡ ለምን እንደዚያ እንደታሰረ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

የሊቨርፑልና የማንችስተር መስመር በሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 ሲከፈት የጣቢያ ሥራ የሚባል ሙያ በወጉ አልነበረም ማለት ይቻላል። ታዲያ ልምድ ያለው ሰው ከየት ይምጣ? ኩባንያዎቹ ከፈረስ ሠረገላ ማመላለሻ ቤቶች ጸሐፊዎችን ወሰዱ፣ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱትን ወሰዱ፣ ንግዳቸው የከሰረባቸውንም ወሰዱ። ዋናው መስፈርት ሦስት ነገር ነበር፤ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ እና የሚመሰክርልህ ሰው። ያለ ኩባንያው ባለድርሻ ወይም ቦርድ አባል ድጋፍ መግባት ከባድ ነው። ገንዘብ ስለሚይዝም ተያዥ ማቅረብ አለበት፤ ሒሳብ ቢጎድል የሚከፍል ሰው ወይም ድርጅት። ስለዚህ ገና ሥራ ሳይጀምር የዘመድ ወይም የወዳጅ ንብረት በስሙ ተይዟል። አንድ ቀን ካዝናው ቢጎድል የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም።

ገንዘቡን እንየው እስቲ፤ ምክንያቱም ይህን ችግር የፈታው ራሱ አንድ የገጠር ጣቢያ አለቃ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኬት የሚባለው በእጅ የሚጻፍ ወረቀት ነበር። ልክ ለፈረስ ሠረገላ እንደሚደረገው፣ ጸሐፊው የጉዞውን ዝርዝር ይጽፋል፣ ቀሪውን ደብተሩ ላይ ትቶ ወረቀቱን ቆርጦ ይሰጣል። ለስድስት ተሳፋሪ ይሄ ይበቃል። ስልሳ ሰው ሲሰለፍና ባቡሩ ሲደርስ ግን ጉድ ይፈላል። ደግሞም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለማጭበርበር ይመቻል፤ ጸሐፊው ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ወረቀቱን ደብተር ላይ ባያሰፍር ማን ያውቃል?

ቶማስ ኤድመንሰን በ1792 ላንካስተር የተወለደ የቤት ዕቃ አናጺ ነበር። ካርላይል ከተማ የከፈተው ንግድ ከሰረበትና በ1836 በኒውካስልና በካርላይል መስመር ላይ ሚልተን በምትባል፣ በኋላ ብራምፕተን በተባለች ትንሽ ጣቢያ በአለቃነት ተቀጠረ። ትኬት በእጅ መጻፉ አላሳመነውም። የአናጺ እጁን ተጠቅሞ ትናንሽ ጠንካራ ካርቶኖች ቆረጠ፣ መነሻና መድረሻቸውን አስቀድሞ አተመባቸው፣ ተራ ቁጥርም ሰጣቸው። ካርቶኑ ርዝመቱ 57 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ትኬቶቹን በቁም ደርድሮ የሚይዝ መደርደሪያና ሲሸጡ ቀን የሚመታባቸው ትንሽ ማሽን ሠራ።

ብልሃቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ወደ አንድ ከተማ የሚሄዱ ትኬቶች ከ0000 እስከ 9999 ተራ ቁጥር አላቸው። ጠዋት መደርደሪያው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ትኬት 0340 ከሆነና ማታ መጀመሪያ የሚወጣው 0352 ከሆነ፣ ዛሬ 12 ትኬት ተሸጧል ማለት ነው። በዋጋው ታባዙታላችሁ፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። አለቀ። ለእያንዳንዱ መድረሻ፣ ለእያንዳንዱ ማዕረግ፣ ለሕፃናት ግማሽ ዋጋ ለየብቻው እንዲህ እየተሠራ ይደመራል። ጉድለት ካለ የጣቢያው አለቃ ከኪሱ ይሞላል።

ይህች ካርቶን ሥራውን ቀለል አድርጋዋለች፣ አለቃውንም ከጥርጣሬ አድናዋለች። ታማኝ መሆኑን በቁጥር ማሳየት ቻለ። ኤድመንሰን በ1839 ወደ ማንችስተርና ሊድስ ኩባንያ ተዛወረ፤ ፈጠራውን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች በዓመት ለእያንዳንዱ ማይል ሐዲድ 10 ሺሊንግ እያስከፈለ ራሱን አቋቋመ። ከስሮ በነበረበት ጊዜ የቀረበትን ዕዳም ለአበዳሪዎቹ መልሶ ከፍሏል። እኔ ይህን ሰው ለዚህ ብቻ እንኳ አከብረዋለሁ። ትኬቱ የብሪታንያ ባቡር እስከ 1990 ሲገለገልበት ቆይቷል።

የዕለቱ ገቢ ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት በቆዳ ከረጢት ታሽጎ በባቡር ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ከሒሳብ ወረቀቱ ጋር። ይሄ የራሱ መስመር ሒሳብ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ተሳፋሪው የሦስት ኩባንያ ሐዲድ የሚያቋርጥ አንድ ትኬት ሲገዛ ነው። ገንዘቡን የተቀበለው የመጀመሪያው ጣቢያ ነው። የቀሩት ሁለቱ ድርሻቸውን እንዴት ያገኛሉ? ለዚህ ሲባል በ1842 ለንደን ውስጥ የባቡር ኩባንያዎች የሒሳብ ማቻቻያ ቤት ተቋቋመ። እያንዳንዱ ጣቢያ የሸጠውን እየመዘገበ ይልካል፤ መድረሻው ጣቢያ ደግሞ ከተሳፋሪው የተቀበለውን የተጠቀመበት ትኬት ሰብስቦ ይልካል። ለንደን ያሉት ጸሐፊዎች ሁለቱን አመሳክረው ገንዘቡን በማይል ልክ ያከፋፍላሉ። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የገጠር ጣቢያ ቁጥር ከተሳሳተች ስሕተቱ ለንደን ድረስ ሄዶ፣ በጽሑፍ ማብራሪያ ይሰጥበት ተብሎ ተመልሶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የገጠር ጣቢያ አለቃ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን የሚጽፈው አብዛኛው ወረቀት ይሄ ነው።

ከገንዘብ ቀጥሎ ሰዓት አለ። ይሄ ለዛሬ ሰው ግራ ሊያጋባ ይችላል።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን የሚሞላው በራሱ ፀሐይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እኩለ ቀን ይባላል። ፀሐይ ግን ምሥራቅ ያለውን ከተማ ቀድማ ታገኛለች፤ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የአራት ደቂቃ ልዩነት ይመጣል። ብሪስቶል ከለንደን በስተምዕራብ ስለሆነች ሰዓቷ በአሥር ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። በፈረስ ለሚሄድ ሰው አሥር ደቂቃ ምኑም አይደለም። ባቡሮችን በደቂቃ ቆጥሮ ለሚያሳልፍ ሰው ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 1840 ታላቁ ምዕራባዊ ባቡር ኩባንያ ጣቢያዎቹ ሁሉ የለንደንን ሰዓት እንዲይዙ አዘዘ፣ በ1847 ደግሞ የማቻቻያው ቤት ሁሉም ኩባንያዎች የግሪንዊችን ሰዓት እንዲይዙ ሐሳብ አቀረበ። የአገሪቱ ሕግ ራሱ ይህን ሰዓት የተቀበለው በ1880 ነው። መሀል ላይ ባሉት ዓመታት አንዳንድ ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓትና የጣቢያው ሰዓት የተለያየ ይናገሩ ነበር። ገበሬው በቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ይመጣል፣ ባቡሩ በጣቢያው ሰዓት ይሄዳል፣ ያመለጠው ሰው ቁጣ ደግሞ አለቃው ላይ ይወርዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባቡሩ የት ነው?

የመጀመሪያው መልስ ጊዜ መቁጠር ነበር። አንድ ባቡር ካለፈ በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የ"ቁም" ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የ"ተጠንቀቅ"፤ ከዚያ መንገዱ ክፍት ነው። ችግሩ ይታያችኋል? ፊተኛው ባቡር ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ተበላሽቶ ቢቆም ሰዓቱ ያንን አያውቅም። ደቂቃው ሲሞላ ምልክቱ ይከፈታል፣ ኋለኛው ይለቀቃል። አለቃው ደንቡን ፊደል በፊደል ጠብቆም ሰው ሊያልቅ ይችላል።

የሌሊት ምልክቶቹም ሌላ አደጋ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ቀይ "ቁም" ነው፣ አረንጓዴ "ተጠንቀቅ" ነው፣ "እለፍ" የሚባለው ደግሞ ነጭ ብርሃን ነው። ቀዩ መስታወት ቢሰበር የሚታየው ምንድነው? የፋኖሱ ራቁት ነጭ ብርሃን። የተሰበረ ምልክት "እለፍ" ይላል ማለት ነው። ስለዚህ የመብራት ነገር ቀልድ አልነበረም። ፋኖሶቹ በየቀኑ ይወርዳሉ፣ ጥቀርሻቸው ይጠረጋል፣ ክራቸው ይከረከማል፣ ዘይት ይሞላሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው በመሰላል ምሰሶው ላይ ወጥቶ መልሶ ይሰቅላቸዋል። በዝናብም በበረዶም በነፋስም። ይሄ የበታች ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው የታመመ ቀን ግን አለቃው ራሱ፣ ወይም የደረሰ ልጁ፣ መሰላሉን ይይዛል።

ሁለተኛው መልስ ቴሌግራፍ ነው። ኩክና ዊትስተን በ1837 የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ የባለቤትነት መብት አወጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ የባቡር መስመር ነበር። አሁን አንዱ ጣቢያ ለቀጣዩ "ባቡር ለቅቄያለሁ" ማለት፣ ቀጣዩም "ደርሷል" ብሎ መመለስ ቻለ። በሁለት ጣቢያ መካከል አንድ ባቡር ብቻ ይኑር፣ እስኪወጣ ድረስ ሌላ አይግባ የሚለው አሠራር የተቻለው በዚህ ነው። ባቡሮችን በደቂቃ ሳይሆን በቦታ መለየት ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሁሉም ኩባንያ እስኪቀበለው ግን ዘመናት ፈጀ፤ ምክንያቱም ሰው መቅጠርና ሽቦ መዘርጋት ወጪ አለው።

ቴሌግራፍም ቢሆን በሰው እጅ ነው የሚሠራው። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1874 ማታ የሆነውን ላንሳ። ከኖሪች ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መስመር እስከ ብራንዶል ድረስ ባለ አንድ ሐዲድ ነበር፤ ሁለት ባቡር ጎን ለጎን አይተላለፍም። ብራንዶል የገጠር ጣቢያ ናት። እዚያ አንድ የፖስታ ባቡር ወደ ኖሪች ለመግባት ፈቃድ ይጠብቃል። ከኖሪች በኩል ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 መውጣት የነበረበት ፈጣን ባቡር ዘግይቷል። የኖሪቹ የሌሊት ተቆጣጣሪ የፖስታው ባቡር ቀድሞ ይምጣ የሚል መልእክት ለቴሌግራፍ ጸሐፊው ነገረው፤ መልእክቱ ግን ከመላኩ በፊት ተቆጣጣሪው መፈረም ነበረበት። አልፈረመም። ጸሐፊው ሳይፈረም ላከው። ተቆጣጣሪው ደግሞ መልእክቱ አልሄደም ብሎ ፈጣኑን ባቡር ለቀቀው።

ስሕተቱ ወዲያው ታወቀ። የፖስታውን ባቡር አቁሙት የሚል መልእክት ወደ ብራንዶል ተላከ። የተመለሰው መልስ "ፖስታው ሄዷል" የሚል ነበር።

ከዚህ በኋላ በሁለቱም ጫፍ ያሉ ሰዎች ማድረግ የሚችሉት ምንም ነገር አልነበረም። ሁለት ባቡሮች በጨለማ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ፣ ፊት ለፊት እየሄዱ ነው፤ ነጂዎቹን የሚያገኝ ምንም መንገድ የለም። ቶርፕ በተባለ ቦታ ተጋጩ። 25 ሰዎች ሞቱ። የብራንዶሉ ጣቢያ አለቃ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፣ ትእዛዙም በትክክለኛው ሽቦ ነው የደረሰው። ስለዚህ ሥራ ክብደት ሰው ሲጠይቀኝ የማነሳው ይህንን ነው፤ ሳታጠፋ በእጅህ የለቀቅከው ባቡር ወደ ሞት ሊሄድ ይችላል፣ በማግሥቱ ደግሞ ያው ጣቢያ ተከፍቶ ትኬት መሸጥ አለበት።

ለባለ አንድ ሐዲድ መስመር ከቃልና ከወረቀት የተሻለ መፍትሔ ቀድሞም ነበር፤ ዱላ። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ላለው መንገድ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የጣቢያዎቹ ስም የተጻፈበት ዱላ ይዘጋጃል። ባቡር ነጂው ዱላውን ካልያዘ ወደዚያ ሐዲድ አይገባም። ዱላው አንድ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሊገናኝ አይችልም። ቆንጆ ነው፣ ግን አንድ ጣጣ አለው። ሁለት ባቡር ተከታትሎ በአንድ አቅጣጫ መሄድ ቢፈልግ ዱላው ከፊተኛው ጋር ይሄድና ኋለኛው ቁጭ ይላል። ለዚህ ደግሞ ፊተኛው ነጂ ዱላውን በዓይኑ አይቶ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ዱላውን የሚወስደው የመጨረሻው ነው።

ከቶርፕ አደጋ በኋላ ኤድዋርድ ታየር በ1878 ያወጣው መሣሪያ ይህን ችግር በኤሌክትሪክ ፈታው። በሁለቱ ጣቢያዎች አንዳንድ ማሽን ይቆማል፣ ሁለቱ በሽቦ የተያያዙ ናቸው፣ ውስጣቸው ብዙ ክብ ሰሌዳዎች አሉ። ከአንዱ ማሽን አንድ ሰሌዳ ከወጣ ሁለቱም ይቆለፋሉ፤ ያ ሰሌዳ ከሁለቱ በአንዱ ተመልሶ እስካልገባ ድረስ ሌላ አይወጣም። ሰሌዳውን ለማውጣት የሁለቱም ጣቢያ ሰዎች መስማማት አለባቸው። አንድ ሰው ቢዘናጋ፣ ቢረሳ፣ ሌላው በስሕተት ቢልክ እንኳ ማሽኑ እምቢ ይላል። ከዚያ ወዲህ የገጠር ጣቢያ አለቃ እንቅልፉን በትንሹ ቀለል አድርጎ ተኝቶ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በቦታ የመለየቱን አሠራር መንግሥት በሕግ ያስገደደው ግን በ1889 ነው፤ ያውም በዚያው ዓመት ጁን 12 ቀን አየርላንድ ውስጥ አርማ አጠገብ 80 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹ ለሽርሽር የወጡ ሕፃናት፣ ካለቁ በኋላ። እዚያ የሚሠራበት አሁንም የደቂቃ ቆጠራው ዘዴ ነበር።

የዕቃውን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ምንም እንኳን የብዙ ጣቢያዎች እንጀራ እሱ ቢሆንም። የገጠር ጣቢያ ከሰው ይልቅ ከብት፣ እህል፣ ከሰልና ፖስታ ያስተናግዳል። በ1865 የከብት መቅሠፍት የለንደን ውስጥ ላሞችን ሲፈጅ ከተማው ወተቱን ከገጠር በባቡር ማስመጣት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ጎህ ሳይቀድ በወተት በርሜል የሚሞሉ ሆኑ። አንዱ በርሜል 17 ጋሎን፣ ወደ 77 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ከአንድ ትልቅ ሰው ክብደት ይበልጣል። ገበሬው ከረፈደ ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል፣ ወተቱም ይበላሻል። ከሰል ነጋዴው ደግሞ ፉርጎውን በተወሰነለት ጊዜ ካላራገፈ በቀን ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚጠይቀው አለቃው ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ጎረቤቱ ነው፣ ምናልባትም አብሮት የሚያስቀድስ ሰው። ኩባንያው ገንዘቡን ይላል፣ ሰፈሩ ወዳጅነቱን ይላል። በመከር ጊዜ ፉርጎ ሲጠፋ ይሄ ይብሳል።

እንግዲህ ቤቱ ጋ ደርሰናል።

አብዛኛው የገጠር ጣቢያ ከአለቃው መኖሪያ ጋር ተያይዞ ነው የተሠራው። ኩባንያው ቤት ሲሰጥ ደግነት ብቻ አይደለም። ያ ሰው በማንኛውም ሰዓት እንዲገኝ ይፈልጋል። የኩባንያዎቹ ደንብ ሠራተኛው ሙሉ ጊዜውን ለኩባንያው እንዲሰጥና በታዘዘበት ቦታ እንዲኖር ያዛል። ሥራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ባቡር በፊት ነው፣ የሚያልቀው ከመጨረሻው በኋላ። ለሠራተኛ የሥራ ሰዓት ጉዳይ መንግሥት በወጉ ጣልቃ የገባው በ1893 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ረጅም ቀን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይታይ ነበር። መሀል ላይ ባቡር የሌለባቸው ሰዓታት አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን እረፍት አይደሉም፤ ጆሮ ቴሌግራፉ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሚስትየዋ የምትገባው። ባልየው ከሰል ሜዳ ወርዶ ፉርጎ ሲቆጥር ትኬት የሚጠይቅ ሰው መስኮቱን ቢያንኳኳ ማን ይከፍታል? እቃ ሊወስድ የመጣ ሰው ቢኖር? የተጠባባቂ ክፍሉን ምድጃ ማን ያነዳል፣ ወለሉን ማን ይጠርጋል? ባቡር ያመለጣት ሕፃን ያዘለች ሴት በዝናብ ብትቆም ማን ወደ ቤት ያስገባታል? ደንቡ ይህን ሁሉ አይጽፈውም፤ ኩባንያው ግን ባለትዳር ሰው ለገጠር ጣቢያ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል። ሐዲዱ መንገድ በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ይህ ነገር በግልጽ ይታይ ነበር፤ ባልየው ሐዲድ ሲጠግን ይውላል፣ ሚስቱ መዝጊያውን ትከፍታለች ትዘጋለች፣ ክፍያዋ ብዙ ጊዜ ቤቱ ነው። ጥቂት ትናንሽ ጣቢያዎችን በስማቸው ተረክበው ያስተዳደሩ ሴቶችም ነበሩ። የቀሩት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የደሞዝ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ይሄ ያናድደኛል።

ልጆቹም በዚያው ያድጋሉ። የባቡሩን ሰዓት ከፊደል በፊት ያውቃሉ። ሐዲዱ የግቢያቸው አጥር ነውና እናትየው ትንሹ ልጅ ከበር እንዳይወጣ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አትነቅልም። ወንዶቹ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ብዙዎቹ እዚያው መስመር ላይ በተላላኪነት ወይም በጸሐፊነት ይገባሉ፤ የአባት ስም ተያዥ ይሆናቸዋል። የጣቢያ አለቃ ልጅ የጣቢያ አለቃ ሆኖ ማየት የተለመደ ነበር።

ጣቢያው የሚጠራበት መንደር አጠገብ ነው ብላችሁ አታስቡ። መሐንዲሶቹ ሐዲዱን የሚያስኬዱት ዳገት በሚቀንስበት በኩል ነው፣ መንደሩ የትም ይሁን። በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው በ1877 የተከፈተችው ዴንት ጣቢያ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 350 ሜትር ያህል ላይ ነው ያለችው፣ በእንግሊዝ ዋና መስመር ላይ ካሉ ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት፤ ዴንት የተባለው መንደር ግን ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ታች ሸለቆው ውስጥ ነው። በረዶው ሐዲዱን እንዳይቀብረው ከአሮጌ የሐዲድ እንጨት አጥር ተሠርቶለታል። እዚያ ቤት ውስጥ ክረምቱን የምታሳልፍን እናት አስቧት። ሐኪም ሩቅ ነው፣ ጎረቤት ሐዲድ ጠጋኞቹና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ናቸው፣ ሱቅ የሚመጣው በባቡር ነው። ከዚህ ርቆ ውሃ በሌለበት ቦታ የሠፈሩ የባቡር ቤቶች የሚጠጣ ውሃ እንኳ በባቡር ይወርድላቸው ነበር።

ክብሩስ? ክብር ነበር፣ ትልቅ ክብር። ከቄሱና ከመምህሩ ጋር በአንድ ረድፍ የሚቆጠር ሰው ነው፤ ትክክለኛ ሰዓት ያለው እሱ ዘንድ ነው፣ ጋዜጣ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው፣ መንግሥት ቴሌግራፍን በ1870 ወደ ፖስታ ቤት እስኪያዛውር ድረስ የመርዶም የምሥራችም መልእክት የሚገባው ብዙ ቦታ በጣቢያው ነው። የደንብ ልብሱ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ልብሱን የሚያጥበውና የሚተኩሰው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደሞዙ ግን ከክብሩ ጋር አይመጣጠንም ነበር። ጉርሻ መቀበል በደንብ ክልክል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከሐዲዱ ዳር ባለችው መሬት ድንችና ጎመን ይተክላል፣ ዶሮ ያረባል፤ አንዳንድ ኩባንያ ሲፈቅድም አለቃው በጎን ከሰል ይሸጣል። ከሰል መሸጡ ከሌሎቹ ነጋዴዎች ጋር ማነካካቱ አልቀረም፣ ፉርጎ የሚያከፋፍለው ራሱ ነውና።

ዕድገት የሚመጣው ደግሞ በዝውውር ነው። የተሻለ ደሞዝ ማለት ሌላ ጣቢያ ማለት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቤቱ ዕቃውን ፉርጎ ላይ ይጭናል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ እናትየዋ የተከለችውን ጎመን ለተተኪው ሚስት ትታ ትሄዳለች። ተተኪው መጥቶ ርክክብ ይደረጋል፤ ትኬቱ በቁጥር፣ ገንዘቡ በቆጠራ፣ የመጋዘኑ ዕቃ በዝርዝር፣ የጣቢያው መጥረጊያና ባልዲ ሳይቀር። አጉድሎ የተገኘ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። እምቢ ብሎ እዚያው መቅረት ይቻል ይሆናል፣ ግን ከእምቢታ በኋላ ሌላ ዕድል ቶሎ አይመጣም።

ቤቱ የሥራው ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ ቤተሰቡን ያስጨንቀዋል። አለቃው በጥፋት ከተባረረ ቤተሰቡ በአጭር ጊዜ ይወጣል። ቢሞትም ያው ነው፤ ተተኪው የሚኖርበት ቤት ይፈልጋል፣ ባቡር ደግሞ ለሐዘን አይቆምም። ሚስትየዋ ሃያ ዓመት ትኬት ሸጣ፣ ምድጃ አንድዳ፣ መልእክት ተቀብላ ቢሆን እንኳ ሠራተኛ ስላልነበረች የምትጠይቀው መብት የለም። የለንደንና ሰሜን ምዕራብ ኩባንያ በ1853 ለደሞዝተኞቹ የጡረታ መዋጮ ቋት አቋቁሞ ነበር፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ቀስ በቀስ ተከተሉት። እዚያ ቋት ውስጥ ያዋጣ አለቃ ለእርጅናው የሚይዘው ነገር አለው። ላላዋጣው ቤተሰብ ግን የሚቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ መስመሩ ላይ ሥራ የያዘ የደረሰ ልጅ ካለ፣ እሱ ዘንድ መጠጋት።